ሰማይ ጠቀስ ዋርካውን የቆረጠ ዕለት

ይህ ታሪክ አንዲት ቃል ጠብ የማትልበት እውነት ነው፤ ሐሰት ከሆነ የተናገረው ምላስ ይድረቅ!

በእጽዋት መናፈሻው ዛፍ የሚከረክመው ሰውዬ “ሰማይ ጠቀስ” ይባላል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሚስቱ ደግሞ ዝም ብላ መሰላል ትይዝለታለች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ መግቢያው አጠገብ ያለውን ትልቅ ዛፍ አንቆ ሊገድለው የደረሰውን ዋርካ ቁረጥ ብሎ አዘዘው። ይህ የዋርካ ዓይነት ወፍ ዘሩን ሌላ ዛፍ አናት ላይ ስትጥልለት ይበቅልና ሥሩን ወደ ታች ይለቃል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ባለቤቱን ማነቅ ነው ግብሩ። ከታች ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ መቆረጥ ያለበት ከላይ፣ ከታች የቆመ ሰው በማያየው ቅጠል መሃል ነው።

“እንዴት ሆነልህ?” አለው ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ።

“ይጠይቁኛል እንዴ ጋሼ! ደመናው ሸሚዜን አራሰው። የዝሆን ኩምቢ የሚያህል ሥር አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። በአንድ እጄ እየታገልኩ በሌላው ገዘገዝኩት። ሲበጠስ ጩኸቱ ከተማውን አናወጠው!”

“እኔ አልሰማሁም።”

“እርስዎማ ስብሰባ ላይ ተኝተው!”

ለዘበኛውም ለአትክልተኞቹም ሲደጋግመው ኩምቢው ዘንዶ ሆነ፤ ዘንዶውም ሰባት ወለደ። በመጨረሻ ራሱም አመነው፤ ታንቄበታለሁ ያለውን አንገቱን ያሻሽ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ስልኩን እንደጨበጠ እየሮጠ መጣ።

“ጉድ ፈላ! የዋርካውን ፎቶ የላክሁላቸው የእጽዋት ተመራማሪዎች አይተው ደወሉ። የታነቀው ዛፍማ በየመንገዱ ሞልቷል። ከምድር ሊጠፋ ጥቂት የቀረው አናቂው ነው! ሥሩን በሙሉ ነው የቆረጥከው?”

ሰማይ ጠቀስ ክው ብሎ ደረቀ። ሥሩ ሲበጠስ የጮኸው ጩኸት ጆሮው ውስጥ እንደገና አስተጋባ። መሬት ላይ ዘጭ አለ።

“በሙሉ” አለ። “ገደልኩት!”

“ቅጠሉ ግን አልጠወለገም…”

“ይጠወልጋላ! የእኔ መጋዝ ያረፈበት ይተርፋል ብለው ነው?” እያለ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

“በል ዕቃህን አስረክብ። ከእንግዲህ እዚህ እንዳላይህ።”

መሰላሉን ተደግፋ የቆመችው ሚስቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ጋሼ፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ” አለች ቀስ ብላ። “ጫማው ከራሴ በላይ አልወጣም።”