ሁለት እጢ፣ አንድ ግንድ

ዕድሜዋን መኪና መንዳት ስታስተምር የኖረች ሴት ነበረች። ተማሪዎቿ «እትዬ ፍሬን» ይሏታል፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ነበርና። በእሷ በኩል ባለው ወንበር ሥር ለአስተማሪ የተገጠመ ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ተማሪ ሲደናገጥ እግሯ ከአፏ ቀድሞ ይደርሳል።

አንድ ጧት ግን አልደረሰም። አንዲት ሴት ሳታይ ወደ አስፋልቱ ስትገባ አስተማሪዋ ግራ እግሯን ልታዘው ሞከረች፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል ዝም አላት። ደግነቱ ተማሪው ራሱ ፍሬኑን ረገጠ።

«ዛሬስ አመኑኝ ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። እግሯን በእጇ አንስታ አስቀመጠችው።

ከምርመራው በኋላ እሷና ልጇ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለት እጢዎች አሳያቸው፤ አንዱ በቀኝ ከራስ ቅሉ ሥር፣ ሌላው በግራ ጠለቅ ብሎ።

«ሁለት?» አለች። «አንዱስ ምን አነሰው?»

ልጇን ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባ ቀደማት።

«እግርዎን የያዘው የቀኙ ነው፤ እሱን አወጣዋለሁ» አለ ሐኪሙ። «የግራው ንግግር ያለበት ቦታ ስለሆነ ማውጣት አይታሰብም። ከእሱ በመርፌ ትንሽ ቁራጭ ብወስድ ግን ብዙ እናውቃለን።»

«ምኑን ነው የምናውቀው?» ልጅቷ ተቆጣች። «የአንዱ አይበቃም?»

«ሁለቱ ከአንድ ከተበላሸ ሴል ተወልደው ተለያይተው ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው። በመልክ አይለዩም፤ የሚለያቸው ዘረ መላቸው ነው። መነሻቸው አንድ ከሆነ አንድ መድኃኒት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ካልሆነ ለአንዱ የሰጠነው ለሌላው ውሃ ነው።»

«አደጋውስ?» አለች እናት።

«ንግግርዎ ሊጎዳ ይችላል። አልደብቅዎትም።»

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ በር ላይ ቁልፉን እንደያዘች ቆመችና «እማ፣ አንቺ ካልተናገርሽ ይሄ ቤት ምን ይሆናል?» አለች።

ለእናትየዋ ወሬ ነፍሷ ነው። ቢሆንም «እያወራሁ ገደል ከምገባ፣ እየተንተባተብኩ መንገዱን ባውቅ ይሻለኛል» አለቻት።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ስትነቃ የልጇን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ልጅቷ እጇን ይዛ ጠበቀች።

«ቆ... ቆንጆ» አለች በመጨረሻ።

ስሟ አልነበረም፤ ልጅቷ ግን ከስሟ አስበልጣ ወደደችው።

ቃላቱ እያነከሱም ቢሆን አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«ሁለቱም ውስጥ ያው አንድ የዘረ መል ስህተት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥፋት ጨምረዋል፤ ከአንድ ግንድ ወጥተው ገና በጠዋቱ ተለያይተዋል ማለት ነው። ግንዱን የሚመታ ክኒን ደግሞ አለ።»

«ግንዳቸውን አ... አገኛችሁት በሉኛ!»

«አገኘነው። ፈውስ ነው አላልኩም። ግን በሽታውን ረጅም ጊዜ ሊያስተኛው ይችላል።»

ክኒኑ ትኩሳት አመጣባት፣ ቆዳዋን አሳከካት፤ አልተወችውም። በሚቀጥለው ምርመራ የግራው እጢ በግማሽ ገደማ ሟሽሾ ተገኘ፤ በቀኝም አዲስ ነገር አልበቀለም። ልጅቷ ተነስታ ሐኪሙን አቀፈችው፤ ሰውየው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

መንዳት ገና አልተፈቀደላትም፤ ክፍል ውስጥ ግን የመንገድ ምልክት ታስተምራለች። ቃል ሲጠፋት ሰሌዳው ላይ ትሥለዋለች፣ ተማሪዎቹም ተሻምተው ይሞሉላታል።

ልጅቷ በሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ለእናቷ ስትል መልስ ሳትሰጥ እንዳቆየች እናት የሰማችው በዚያ ሰሞን ነው። እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ነገ ደውለሽ እመጣለሁ በያቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ በየ... በየወሩ በአውቶብስ እመጣብሻለሁ። ደህና ፍራሽ ግዢ ብቻ፤ መሬት አልተኛም።»