ለጨረቃ ቀን አልቆርጥላትም

ቢፍቱ ሥራዋ ላይ አንገቷን ደፍታ ትሠራለች፤ ነገር ከመጣባት ግን አንገት የላትም፣ ምላስ ብቻ ናት። ካዛንቺስ ባለው በዚያ ሆቴል ኪችን ውስጥ ከድስት አጣቢው እስከ ዋናው ሼፍ ይህን የማያውቅ የለም። ያን ሰኞ ነገር ይዘውባት የመጡት አቶ ምንዳዬ ናቸው።

አቶ ምንዳዬ የኪችኑ ሱፐርቫይዘር ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲታመም ከኪሳቸው መድኃኒት ገዝተው ቤቱ ድረስ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ግን አንዴ ግድግዳ ላይ የለጠፉትን የሺፍት ፕሮግራም መልአክ ወርዶ ቢለምናቸው አያነሡትም። በዚያ ላይ ሰኞ ሁዳዴ የገባበት ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ገና ከረፋዱ ግንባራቸው ተቋጥሯል።

ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛ ሲቀያየር ፕሮግራሙን ለጥፈው ዞር ሲሉ ቢፍቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረብ ብላ አነበበችው። የረመዳን የሺፍት ለውጥ ከየካቲት ሃያ ሁለት ጀምሮ ይላል። ዓይኗን አላመነችም፤ ደግማ አነበበችው።

«ጋሽ ምንዳዬ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል። ረመዳን የሚገባው በዚህ ሳምንት ነው።»

«ምኑ ነው የተሳሳተው? አምና በስንት ነበር? የካቲት ሃያ ሁለት! የአምናውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔው ነኝ።»

«የአምናው የአምና ነው። በየዓመቱ እየቀደመ ነው የሚመጣው።»

«እስቲ አሁን! ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ጥምቀት ጥር አሥራ አንድ ነው። በዓል እየቀደመ ሲመጣ የት አየሽ?»

ሰውየውን አትፍረዱባቸው። ከፋሲካና ከፋሲካ ዘመዶች በቀር እሳቸው የሚያውቁት በዓል ሁሉ ቀኑን ይዞ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነው። ረመዳን ግን የጨረቃ ወር ነው፤ ጨረቃን ተከትሎ ይሄዳል። የጨረቃ ዓመት ደግሞ እኛ ከምንቆጥረው ዓመት አሥራ አንድ ቀን ያህል ያጥራል። ስለዚህ ረመዳን ዓመት በመጣ ቁጥር ያንኑ ያህል እየቀደመ በጋውንም ክረምቱንም ሲዞር ይኖራል። ቢፍቱ ራሷ በአሥር ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን የጾመችው በጥቅምት ብርድ ነበር፤ ዘንድሮ ልጇ ሀኒ በዚያው ዕድሜ የምትጀምረው በየካቲት ፀሐይ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ይህችው ሀኒ ናት። አባቷ በሕይወት የለም፤ እናትና ልጅ ላንቻ በአንዲት ክፍል ቤት ይኖራሉ። አምና ግማሽ ግማሽ ቀን ስትጾም ከርማ «በሚቀጥለው ሙሉውን ነው የምጾመው» ብላ ፎከረች። ቢፍቱም «እንግዲያው የመጀመሪያዋን ቀን አብረን እናፈጥራለን፤ ቴምሩን የማጎርስሽ እኔ ነኝ» ብላ ቃል ገባች። ልጅ ደግሞ እዳውን ይረሳል እንጂ የገቡለትን ቃል አይረሳም። ዓመቱን ሙሉ «እማ፣ ስንት ወር ቀረው?» ስትላት ነው የከረመችው።

በዚህ ላይ ኪችኑ የራሱ ልማድ አለው። በገናና በፋሲካ ክርስቲያኖቹ ቤታቸው ይውሉና ሙስሊሞቹ ይገቡላቸዋል፤ በረመዳን ደግሞ ክርስቲያኖቹ የማታውን ሺፍት ወስደው ሙስሊሞቹ ጠዋት ይገባሉ። ማንም ያዘዘው ነገር አይደለም፣ ሠራተኛው እርስ በርሱ ያመጣው ነው። ዘንድሮ ገና ላይ ቢፍቱ ስለ ጠዋት ተረኛዋ ባልደረባዋ ሀብትነሽ ገብታ ዶሮ ስትገነጥል ውላለች።

አቶ ምንዳዬ ስልካቸውን አውጥተው ትንሽ ነካኩና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እሺ፣ ይሁንልሽ፤ ቀድሟል። ቁርጡን ቀን ንገሪኝና አሁኑኑ ላስተካክል።»

«ቁርጡማ ገና አልታወቀም። ነገ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ትፈለጋለች። ከታየች ረቡዕ እንጾማለን፤ ካልታየች ይሄኛው ወር ሠላሳ ይሞላና ሐሙስ።»

ሰውየው ሳቃቸው መጣ። «ላም አለኝ በሰማይ አሉ! ሠራተኛ በጨረቃ ላስተዳድር?»

«የእርስዎ ሁዳዴስ? አምና በዛሬዋ ቀን ነበር የገባው?»

ሽንኩርት የምትከትፈው ሀብትነሽ ቢላዋዋን አቆመች። አቶ ምንዳዬ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«አልነበረም። ግን የእኔ ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ገና በእንቁጣጣሽ ተነግሮኛል። ያንቺ በዋዜማው ነው የሚነገረኝ። እኔ ደግሞ ሰው የምመድበው በዋዜማ አይደለም። አንድ ቀን ጥሪና ልጻፍ።»

እሳቸውም እውነት አላቸው። ጁስ ቤት የሚሠራው ጃዋር ወዲያው «የእኔን ሐሙስ ብለው ይጻፉልኝ፣ በቃ ይገላግሉኝ» አለና ተጻፈለት። ወደ ቢፍቱም ጠጋ ብሎ «ማለቴ፣ ሐሙስ በይውና ተገላገይ! አንዲት ቃል ናት'ኮ፣ ምን ቸገረሽ?» አላት።

ቸግሯታል። ሐሙስ ብላ ረቡዕ ቢሆንስ? ልጇን በግምት አታስይዝም። ከዚያ ይልቅ ያናደዳት ግን ሌላ ነው። አባቷ በልጅነቷ ትከሻቸው ላይ አውጥተው ምዕራቡን ያሳይዋት ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ አንጋጦ ሲጠብቅ አንድም ሰው «ነገ ነው» ብሎ ቀድሞ አይናገርም። አሁን ሰው ለፕሮግራም እንዲመቸው ብላ ከሰማይ ቀድማ ልትናገር ነው?

«አልልም» አለች። «ለጨረቃ ቀን የምቆርጥላት እኔ ማን ነኝና? አልቆርጥላትም።»

«እንግዲያው ያንቺ እንደተለጠፈው ነው። እስከ ሃያ ሁለት ማታ ነሽ።»

«ረቡዕ ከሆነ ረቡዕ ማታ የለሁም። ከአሁኑ ይወቁት።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«ኧረ እያሳወቅኩዎት ነው!» አለችና ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ማክሰኞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢፍቱና ጃዋር የሆቴሉ አንሶላ የሚሰጣበት ጣራ ላይ ወጡ። ድሮ ካዛንቺስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ በነበረች ጊዜ ምዕራቡ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። አሁን ፎቁ ፎቁን ጋርዶታል፤ በመስተዋቱና በክሬኑ መሃል የምትታየው ሰማይ የመሐረብ ያህል ናት፣ እሷም ዳመና ይዟታል። ሁለቱም አንገታቸው እስኪዝል አዩ፤ ምንም የለም።

«ሐሙስ ነው!» አለ ጃዋር እጁን እያጨበጨበ። «አላልኩሽም? አንቺ ዝም ብለሽ ትከራከሪያለሽ!»

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ የቢፍቱ ስልክ ጮኸ። ሀኒ ናት፤ ከጎረቤታቸው ከጃለኔ ስልክ ነው የደወለችው።

«እማ! ታየች ተባለ! በቴሌቪዥን ተናገሩ! ነገ ነው፣ ነገ!»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል የአገሬ ሰው፤ ጃዋር እጁ ሳይወርድ እንደተዘረጋ ቀረ። ቢፍቱ ግን አልሳቀችበትም። ሀኒ በስልኩ ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነገ ማታ ትመጫለሽ አይደል?» ስትላት ነው ልቧ የተሸበረው።

«እመጣለሁ።»

«ሥራስ?»

«እመጣለሁ አልኩሽ'ኮ፣ ሀኒዬ።»

ወርዳ ለአቶ ምንዳዬ ነገረቻቸው። «እንኳን አደረሰሽ» አሏት ከልባቸው፤ ከዚያ ግን «ነገ ማታ ሆቴሉ ትልቅ የኢፍጧር ግብዣ አለው። አንድ ሰው አልቀንስም» ብለው ሄዱ። ቢፍቱ ቀጥታ ሀብትነሽ ጋ ደወለች። ሀብትነሽም ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ «በገና ልጆቼ መሃል ተቀምጬ የበላሁት በማን ሆነና ነው? አንቺ ጠዋት ግቢልኝ፣ እኔ ማታ እገባለሁ። የምን ፕሮግራም!» አለቻት።

ረቡዕ ከንጋት በፊት ሱሁራቸውን በልተው፣ ሀኒ ለትምህርት ቤት ስትለባብስ ቢፍቱ ወጣች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽርጧን አስራ ኪችን ገብታለች። የሀብትነሽን ሥራ አንድ በአንድ ሠራች። ስምንት ሰዓት ላይ ሀብትነሽ ከች ስትል አቶ ምንዳዬ በር ላይ ጠበቋት።

«ተራሽ ጠዋት ነበር፤ የት ነበርሽ?»

«ቢፍቱ ገብታልኛለች፤ እኔ ደግሞ ለእሷ ልገባ ነው።»

«ማን ፈቀደ? በይ ወደ ቤትሽ!» አሉና ወደ ቢፍቱ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ጠዋት የገባሽው በራስሽ ጊዜ ነው። የማታው ተራሽ እንዳለ ነው።»

ሀብትነሽ «እሺ ጌታዬ» አለች፤ ግን ቤቷ አልሄደችም። ከውጪ ዘበኛው ወንበር አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ተከናነበች። አቶ ምንዳዬ በመስኮት አይተዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቢፍቱ ያኔውኑ ጥላ መውጣት ትችል ነበር። አላደረገችውም፤ ማታ የሚመጡትም ጾመው የዋሉ ሰዎች ናቸው፣ አዛን ሲል ባዶ ሳህን ሊጠብቃቸው አይገባም። የምስር ሳምቡሳውን ትሪ በትሪ ጠቀለለች። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ እጇ ግን አልቆመም። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን የመጨረሻውን ትሪ ሸፈነች፣ ሽርጧን ፈታች፣ የጓሮውን በር ከፍታ ተጣራች።

«ሀብትነሽ! ግቢ!»

ሀብትነሽ ሻሿን እያጠበቀች ዘው አለች፤ በቀጥታ ወደ ዘይቱ። አቶ ምንዳዬ ግን ቢፍቱን ቀድመው በሩ ላይ ቆሙባት።

«ወዴት ነው?»

«ቤቴ። ሳምቡሳው ተጠቅልሏል፤ የቀረው መጥበስ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

«ከዚህ በር ከወጣሽ ነገ እንዳትመለሺ።»

«ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ በር ላይ ነኝ። ቢዘጉትም አንኳኳለሁ።»

ሰውየው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቢፍቱ፣ አንድ ቀን ብትቆዪ ምን አለበት? ሠላሳ ቀን ሙሉ ከልጅሽ ጋር ታፈጥሪ የለ?»

«ሃያ ዘጠኝም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጨረቃዋ ስትታይ ነው የሚታወቀው። የመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ነው ጋሽ ምንዳዬ። ልጄም አንድ ናት።»

አልገፋቻቸውም። አልለመነቻቸውምም። ፈርታለች፤ ይሄን ሥራ ብታጣ የቤት ኪራዩ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ቢሆንም ዓይን ዓይናቸውን እያየች ቆመች። ከኋላ ሼፉ እንግዳ መግባት ጀምሯል ብሎ ሲጮህ አቶ ምንዳዬ ወደዚያ ዞሩ። ሲመለሱ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

የላንቻ ታክሲ ወዲያው ነበር ያገኘችው፤ መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ግን መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቢፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሠች፣ ከዚያ «ወራጅ!» ብላ ወረደችና ቁልቁል ተያያዘችው። ስታዲየሙን አልፋ ሩጫ ቀረሽ ስትራመድ አዛኑ አለ። ከአንዱ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰውዬ ውሃ በላስቲክ ዘረጋላት። ቦርሳዋ ውስጥ ቴምር አለ፤ ማፍጠሪያው ሲደርስ መቸኮል እንጂ ማዘግየት እንደማይገባም ታውቃለች። «አላህ ያብዛልህ» አለችው ሰውየውን፣ ውሃውንም ተቀበለች፣ ግን አልከፈተችውም። ቃል ገብታለች፤ ልጇ ብቻዋን በልታ ከሆነ እንኳ እሷ ቃሏን ይዛ ትደርሳለች። እንባዋ እየመጣ፣ በራሷም በመንገዱም በአቶ ምንዳዬም እየተናደደች ሄደች።

ግቢው በር ላይ ጃለኔ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ምን ዓይነቷን ነው የወለድሽው አንቺ ሴትዮ? አዛን ካለ ስንት ጊዜው! ሾርባ አቀረብኩላት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። እምቢ! አንድ ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም!»

ሀኒ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቆ ነጥቷል፤ መዳፏ ላይ ሁለት ቴምር አለ፣ ከመያዝ ብዛት አልቧቸዋል። እናቷን ስታይ አልተነሣችም። አገጯን ቀና አድርጋ ጃለኔን ተመለከተች።

«ትመጣለች አላልኩሽም?» አለቻት።

ቢፍቱ ልትቆጣት ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል ልትላት ነበር። በየትኛው አፏ? ልጇ አጠገብ ደፉ ላይ ዘፍ አለችና አንዱን ቴምር አነሣች። ያኔ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ ጋሽ ምንዳዬ ይላል። በግንባሩ ደፍታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ መጮኹን ግን አላቆመም።

«ማን ነው እማ?» አለች ሀኒ።

«ነገ ጠዋት የማንኳኳው በር ነው» አለች ቢፍቱ። «አሁን ቢስሚላህ በይና አፍሽን ክፈቺ።»