የምስጋና ዓሣ

«አትጎትቺው፣ ሙሌ። ክሩን ለቀቅ አድርጊለት» አለች ዘርፈሽዋል።

ሙሉመቤት የዘንጉን ማጠንጠኛ ለቀቀች። ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር ክሩን ነቅነቅ አድርጎ ተወው። ጠቅልላ ስታወጣው መንጠቆው ላይ ተንጠልጥሎ የመጣው የባሕር ሣር ነበር። ዘርፈሽዋል እየሳቀች ሣሩን ፈልቅቃ ጣለችና አዲስ ትል ሰካችላት። ሙሉመቤት ትል መንካት አይሆንላትም።

የጣሊያኗ የባሕር ዳር ከተማ ኦስቲያ በጥር ሰው የላትም። በሙቀቱ ወራት ጃንጥላ የሚሞላው አሸዋ ባዶውን ተዘርግቷል፤ የባሕር ዳር መዝናኛዎቹም በራቸውን ቆልፈዋል። ሁለቱ ሴቶች ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ በተደረደረው የድንጋይ ክምር ጫፍ ላይ ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠው ነበር። እስካሁን የተያዘች ስፒጎላ የሚሏት አንዲት ትንሽ ዓሣ ብቻ ናት። እሷንም ዘርፈሽዋል «ገና ልጅ ናት» ብላ መልሳ ወደ ባሕር ለቀቀቻት።

ዘርፈሽዋልን ዓሣ ማጥመድ ያስተማሯት የአሠሪዋ የሲኞራ ኤልዳ ባል፣ ሲኞር ቱሊዮ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ዘንጎቻቸውና ጉልበቷን አልፎ የሚወርደው የዝናብ ካፖርታቸው ለእሷ ቀሩ። ብቻዋን ነበር የምትመጣው። ዛሬ ግን ሙሉመቤትን ይዛ መጣች፤ ነገሩ የምስጋና ግብዣ ነው። እናቷ ደብረ ብርሃን ያረፉ ጊዜ ሙሉመቤት እሷን ተክታ ሲኞራ ኤልዳን ባታስታምምላት ኖሮ፣ ለእናቷ አርባ አገሯ አትደርስም ነበር።

«እኔ የምልሽ» አለች ዘርፈሽዋል፣ ከቴርሞሱ ሻይ እየቀዳች፤ «ሲኞራ አሁንም ያነሱሻል። ‹ያቺ የምታንጎራጉርልኝ ልጅ የት ሄደች?› ይሉኛል።»

«እኔን?»

«አንቺን ነዋ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አንጎራጉሪልኝ ብለውኝ አያውቁም።» ይህን ያለችው በቅናት አልነበረም። «ደስ ነው ያለኝ። በደህና ሰው እጅ ነበሩ ማለት ነው።»

ሙሉመቤት ሻዩን ተቀብላ አንገቷን ደፋች። የኪሷ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው፤ የሲኞራ ኤልዳ ልጅ፣ ሲልቪያ ናት። ድምፁን አጥፍታ መልሳ ከተተችው።

«ማነው?»

«የማስታወቂያ ስልክ ነው። ሌላ መስመር ግዙ የሚሉት።»

ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

ሲልቪያ የዘርፈሽዋልን ሥራ ልስጥሽ ያለቻት ዘርፈሽዋል ከአገር ቤት በተመለሰች ሰሞን ነበር። «እማዬ ካንቺ ጋር ረጋ ትላለች» አለቻት። «ኮንትራቱም ክፍሉም ያንቺ ይሆናል። አስቢበት።» ሙሉመቤት የምትኖረው ሰላም ፓላስ ነው፤ የቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥ፣ በኮምፔንሳቶ በተከፈለ ክፍል፣ የሌላውን ሳል እየሰማች ታድራለች። የሲኞራ ኤልዳ ቤት ክፍል ግን ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት አለው፤ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። እዚያ ባደረችባቸው ሌሊቶች እንቅልፏ ሌላ ነበር። ስለዚህ እንቢ አላለችም።

ያም ባልከፋ። የከፋው ከዚያ ወዲያ የተጠየቀችው ነው። «እማዬ ባኞ ቤት የወደቀች ቀን፣ ዜርፋ ስልክ እያወራች ነበር አይደል?» አለቻት ሲልቪያ።

ሙሉመቤት እውነቱን ታውቃለች። ያን ቀን ማታ ዘርፈሽዋል ሰላም ፓላስ ድረስ እያለቀሰች መጥታ ነግራታለች። አሮጊቷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳለ ምንጣፉ ተንሸራተተ፤ አብራ ወድቃ ከሥራቸው ሆነች። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይግባ ብላ ሲልቪያን ስንቴ ለምናለች። የተላላጠ ክርኗን በፋሻ ያሰረችላት ሙሉመቤት ራሷ ናት። ለሲልቪያ ግን «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ብላ መለሰች። ቃሉ ውሸት አልነበረም። ሲልቪያ ግን እንደሚመቻት አድርጋ፣ ጥፋቱ የዘርፈሽዋል እንደሆነ ተረዳችው፤ ሙሉመቤትም እንደተረዳችው እያየች ዝም አለች።

«በረደሽ?» አለች ዘርፈሽዋል። መልስ ሳትጠብቅ ሻርፗን ፈትታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት።

«ተይው ዘርፌ፣ አንቺስ?»

«እኔ የሟቹ ካፖርት አለኝ።» ዘንጓን አነሳችና ክሩን አርቃ ወረወረችው። «ደሞ ስላንቺ ለአንዲት ጎረቤታችን ነግሬያታለሁ። እናቷን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ባይሆን ሌላ እንፈልጋለን፤ ከሰላም ፓላስ ሳላስወጣሽ አልተኛም። እኔማ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በመጋቢት ያልቃል፤ ማሳደሻ ኮንትራቱ ስላለ ግን ስጋት የለብኝም።»

ሙሉመቤት «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብቻ አለች። ሻርፑን ከአንገቷ ላላ አደረገችው።

ከሰዓቱ እንዲሁ አለፈ። ባሕሩ ግራጫ እንደሆነ ቆየ፤ ነፋሱም ጨው እያመጣ ፊታቸው ላይ ይነሰንስ ነበር። ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ የዘርፈሽዋል ዘንግ ጫፉ ተቆለመመ። ብድግ ብላ እግሯን ድንጋዩ ላይ አጸናች።

«ይሄ ሣር አይደለም» አለች ጥርሷን ነክሳ። ክሩ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሸሸ። ከማዕበሉ መሀል የብር ጎን ብልጭ ብሎ ጠፋ። በዚሁ መሀል ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። «እጄ አይለቅም፤ አንሺልኝ ሙሌ።»

ሙሉመቤት ስልኩን አውጥታ ስሙን አየች። ሲልቪያ ናት። ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ፕሮንቶ።»

«ሙሉ? አብራችሁ ናችሁ እንዴ?» አለች ሲልቪያ በጣሊያንኛ። «ስልክሽን አላነሳ ብለሽኝ ነው። አሎራ፣ ምን ወሰንሽ? ለዜርፋ ዛሬ ማታ ልነግራት ነው።»

«ማናት?» አለች ዘርፈሽዋል፣ ክሩን እየጠቀለለች።

«ሲልቪያ ናት።»

«ኋላ እደውልላታለሁ በያት። ነይ መረቡን ያዢልኝ፤ ትልቅ ነው።»

መረቡ ከሙሉመቤት እግር አጠገብ ነበር። ስልኩን ዘግታ መረቡን ብታነሳ ማንም ምንም አይላትም። ዘርፈሽዋልን አየቻት፤ በዚያ ሰፊ ካፖርት ውስጥ ፊቷ በደስታ ቀልቶ ነበር። ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች፤ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፈተችና መሀላቸው ያዘችው።

«ሲኞራ ሲልቪያ» አለች፣ «ዘርፌም ትሰማናለች። እናትዎ የወደቁ ቀን ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ክፍሉን ስለፈለግኩ ነው።»

የዘርፈሽዋል እጅ ማጠንጠኛው ላይ ቀረ። ክሩ ላላ።

ሙሉመቤት ቀና ብላ አላየቻትም። ወደ ባሕሩ እያየች ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረች።