ምሳው ቀዘቀዘ

«ምነው ይቺ ሴትዮ እንባ የላትም እንዴ?» አለች የሟች እህት፣ ያንሾካሾከች መስሏት። እስከ ውጭው በር ተሰማ።

ሚስቲቱም ሰምታለች። ለምን ማልቀስ እንዳቃታት ራሷም ግራ ገብቷታል፤ ተናዳለች እንጂ። ዕድሜዋን ሙሉ በር ላይ ቆማ የተጣራችው ሰው፣ አንድ ቀን እንኳን «አቤት» ሳይላት ሄደ።

ሟች ካሴት ቀጂ ነበር። አንዱን ካሴት ከየዓይነቱ ስለሚሞላው ሰፈሩ «ቅልቅል» ይለዋል፤ የፍቅር ዘፈን፣ ቀጥሎ መዝሙር፣ እሱ ሳያልቅ የወታደር ማርሽ። «ሰው ሲያዝን ውሎ ሲያዝን ያመሻል እንዴ?» ይል ነበር። ክፍሉን ዘግቶ፣ ሬዲዮው ፊት ማይክሮፎን ደቅኖ ሲቀዳ፣ እሷ በሩ ላይ ሆና ትጮሃለች። መልስ የለም። ኋላ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ምሳ ጥርግ አድርጎ ይበላል። ካሴቶቹን እሷ ሰምታቸው አታውቅም። የጣውንቷን ድምፅ ማን ይሰማል?

ለቅሶ ደራሹ ሲግደረደር ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ትዕግሥቷ አለቀ።

«እናንተ ሰዎች፣ ምሳው ቀዘቀዘ!»

ከለቅሶ ደራሾቹ አንዱ፣ የሰፈሩ ባለታክሲ፣ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ የካሴቱ ሴትዮ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«የምን ካሴት?»

«ፍቅር ፍቅር የሚለው ዘፈን መሃል ላይ ይጮኹ የለ? ያንኑ ነው ለሁላችን ያባዛልን።»

«እኔም ሱቅ አለ» አለ አጠገቡ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ።

«አንዴ የእርስዎን ጩኸት አውጥቶ ቀድቶልኝ ነበር» አለ ባለታክሲው፤ «ተሳፋሪው ጎደለብን ብሎ አስመለሰኝ።»

«አዋረደኝ በለኛ» አለች ሚስቲቱ። የሟች እህት ሳቋ አመለጣትና በሻርፗ አፈነችው።

ባለታክሲው ካሴቱን ከመኪናው አምጥቶ የሟች ቴፕ ውስጥ ከተተው። ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ቆየና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» የሚል የወጣትነት ድምፅዋ ገባ። ለቅሶ ደራሹ አብሮ ጮኸ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አቀረቀረ።

«ቆይ፣ አሁን ይስሙ» አለ ባለታክሲው።

ከማይክሮፎኑ ጥግ፣ ዝቅ ብሎ፣ የሟች ድምፅ መጣ። «መጣሁ፣ የኔ እመቤት። ይቺ ብቻ ትለቅ።»

ቤት ሙሉ ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮት አለው። ከሷ በቀር የማያውቀው አልነበረም።

«ታዲያ ምናለ ጮክ ብሎ ቢመልስልኝ?» አለች።

«ዘፈኑ እንዳይበላሽ ነዋ፣ እትዬ።»

«የኔ ጩኸት ካበላሸው በኋላ?» አለችና ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ፤ እንባዋም መጣ።

«እሰይ፣ አለቀሰች» አለች የሟች እህት፣ አሁንም ያንሾካሾከች መስሏት። ራሷም እያለቀሰች ነበር።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲነሳ ሚስቲቱ አንድ ሰሃን ሞልታ፣ በሌላ ሰሃን ከድና፣ የባሏ ክፍል በር ላይ ቆመች። ዘፈኑ ገና አላለቀም።

«ምሳው ቀዘቀዘ» አለች፣ እንዳታበላሽበት በሹክሹክታ።