የላይኛው ተሸካሚ

ወረቀቱ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አሥራ አንድ ቀን ቆይቷል። ከላቡ የተነሳ ጠርዙ ለስልሷል። ሐኪሟ ረጋ ብላ ነበር የነገረችው። ጉሮሮው ውስጥ ያለው እብጠት ካንሰር ነው። ድምፅ የሚወጣበት ክፍል በሙሉ ተቆርጦ ካልወጣ ይሰራጫል።

«ይድናሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ድምፅዎ ግን አይመለስም» አለችው። «የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ ወረቀት ፈርመው ሐሙስ ይምጡ። ሐሙስ ካለፈ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ዛሬ ረቡዕ ነው።

ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ሃያ ሦስቱን ዓመት ያሳለፈው የሰው ቤት ዕቃ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው። ጓደኞቹ ጡሩምባ ይሉታል። ሦስት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ እሱ፣ ሾፌሩና ፍሬን። ፍሬን ይህ ስም የወጣለት ከባድ ዕቃ በደረጃ ሲወርድ ከታች ሆኖ ክብደቱን ስለሚይዝ ነው። ፊቱን ወደ ዕቃው አዙሮ ኋሊት ነው የሚወርደው፤ የሚረግጠውን አያይም። የሚያይለት ከላይ የያዘው ጡሩምባ ነው። «ደረጃ። ደረጃ። ወደ ግራ። ሜዳ» ይለዋል። ሜዳ ማለት የደረጃው መታጠፊያ ነው። በዚህ ድምፅ ፍሬን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም።

ጡሩምባ ያልፈረመውም ለዚሁ ነው። ሚስቱ መጠየቅ ደክሟት ትታለች። ጠዋት ጃኬቱን ስታቀብለው ኪሱን ዳበስ ታደርጋለች።

ሦስቱም መኪናው ውስጥ ከፊት ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

«ፈረምክ?» አለ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«እስክሪብቶ አጣሁ።»

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ?»

«ተወው እንጂ» አለ ፍሬን። «እስክሪብቶ ከገበያ ጠፍቶ ይሆናል።»

ጡሩምባ ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው። ድምፁ ከወር ወዲህ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይፋጫል።

«የማይናገር ተሸካሚ ለማን ይበጃል?» አለ። «አንተን ቁልቁል ልልቀቅህ?»

ፍሬን ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ዕቃው ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዕቃው ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነበር። ሾፌሩ መሳቢያዎቹን ይዞ ቀድሞ ወረደ። ፍሬን የሹራብ ኮፍያውን እስከ አንገቱ ሳበው።

«በዚህ ሙቀት?» አለ ጡሩምባ።

ፍሬን ጎንበስ ብሎ ታችኛውን ጫፍ ያዘ። ጡሩምባም ላይኛውን አነሳና መጣራት ጀመረ። ደረጃ። ደረጃ። ሜዳ። ሁለት ፎቅ እንደወረዱ ጉሮሮው ይነድ ጀመር። ከዚያ የተወለወለ ደረጃ ታየው፤ ውሃው ገና አልደረቀም። «ያዝ» ሊል አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ቁም ሳጥኑን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ ሳበ።

ፍሬን አንድ እግሩን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ። እግሩን ቀስ ብሎ ዘርግቶ እርጥቡን ደረጃ ዳሰሰና አልፎት ወረደ። መታጠፊያው ላይ ቁም ሳጥኑን አስቀመጡት። ፍሬን ኮፍያውን አወለቀና ከሁለቱም ጆሮው ጥጥ አወጣ።

ጡሩምባ ጥጡን አየው። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከላይ ጀምሮ። አንድ ቃል አልሰማሁህም።»

«ታዲያ እንዴት...»

«በእጅህ ነዋ። ወደ ግራ ልትል ስትል ግራ እጅህ ይጫናል። ደረጃ ከማለትህ በፊት ትንሽ ከፍ ታደርገዋለህ። አፍህ ሁልጊዜ እጅህን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ይሄን ካወቅኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ልነግርህ ምን ምክንያት ነበረኝ?»

«ብትወድቅስ?»

«እኔ ላይ ነበር የሚወድቀው» አለ ሌላ ድምፅ። ሾፌሩ ከታችኛው መታጠፊያ አንገቱን አወጣ፤ መሳቢያዎቹ እግሩ ሥር ተቀምጠዋል። «ሚስቱ እንኳ እንደ እኔ ከጀርባው ሆና ጠብቃው አታውቅም።»

«ሁለታችሁም አብዳችኋል» አለ ጡሩምባ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።  «እሺ፣ ሥራው ይሁን። ልጄ ስትደውል ምን ላድርግ? ስልኩን ይዤ ልተንፍስላት?»

ፍሬን አጠገቡ ተቀመጠ።

«እሱን አላውቅልህም ወንድሜ» አለ። «እኔ የማውቀው ቁም ሳጥን ነው።»

 አስተማሪዋ ከላይ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጆቼ፣ መስታወቱ ተሰበረ?»

«ደህና ነው እትዬ፣ እያረፍን ነው» አለ ሾፌሩ።

ጡሩምባ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ወረቀቱን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

«እትዬ» አለ፤ ድምፁ አልደረሰላቸውም። ፍሬን ተቀብሎ ጮኸለት። «እትዬ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

ቦርሳቸውን እየበረበሩ ወረዱ። «ቀይ ብቻ ነው ያለኝ» አሉ። ምን እንደሚፈርም አልጠየቁም። እሱም በቁም ሳጥኑ ጎን ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ሳንቃው ሻካራ ስለነበር ፊርማው ተንጋደደ። ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

ሲነሱ ፍሬን ጥጡን ኪሱ ከተተ። ኮፍያውንም ወደ ሾፌሩ ወረወረው።

«ጥጡን አትመልሰውም?» አለ ጡሩምባ። «ድምፅህ አያስፈልገኝም ስትለኝ አልነበር?»

«አያስፈልገኝም» አለ ፍሬን። «በል ጥራ።»

የቀራቸው ሁለት ፎቅ ነው። ጡሩምባ ላይኛውን ጫፍ አነሳ። ጉሮሮው እየነደደ አንዳንዱን በሹክሹክታ፣ አንዳንዱን በትንፋሽ ብቻ፣ አንዱንም ሳይዘል እስከ መሬት ድረስ ጠራለት።