ሰማያዊ፣ እንደ ነርሷ ኮሌታ

ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ ልትቀመቅም ከወለሉ ላይ ስታነሳው ጨርቁ ረጥቦ አገኘችው። መጀመሪያ ሻይ የደፋች መሰላት። ቀና ስትል ግን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለው የዓሣ ገንዳ አንድ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ፣ ውኃው በመስታወቱ ላይ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ክው አለች። ባሏ ከሞተ ሁለት ወር ከስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ገንዳው የእሱ ነው። ውስጡ ያለው አንድ ዓሣም የእሱ ነው።

ዓሣው ወርቃማ፣ ወፍራምና አሮጌ ነው። ባልየው «ዳኛው» ይለው ነበር፤ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ሰውን ሁሉ ያዳምጣል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም። ልብስ ሰፊዋ ዳኛውን በሳፋ ውስጥ አስቀመጠችውና ለባሏ እህት ደወለች።

የባሏ እህት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሆስፒታል ጽዳት ኃላፊ ነበረች። እድፍ ስታይ ደሟ ይፈላል። አዲስ ገንዳ በታክሲ ይዛ ከች አለች። ልብስ ሰፊዋ ለደንበኞቿ ልኬት ስትወስድ፣ እሷ ጓሮ ሆና ጠጠሩንም የማጣሪያውን ስፖንጅም በበረኪና ዘፈዘፈች፤ አሸች፤ አሥር ጊዜ አለቀለቀች፤ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ስፖንጁ ሲዘፈዘፍ ጥቁር ቡናማ ነበር። ሲወጣ ቢጫ ሆነ።

«ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ አተላ ውስጥ ነው ዓሣ ሲያኖር የኖረው?» አለች፣ እጇን እያራገፈች።

አዲሱ ገንዳ ኩልል ያለ ውኃ ተሞልቶ ቤቱን አደመቀው። በአራተኛው ቀን ዳኛው ምግቡን ትቶ፣ ከውኃው ገጽ ላይ ተንሳፎ አየር ይጎርስ ጀመር። ጀርባው ላይ ያለው ክንፉ ታጥፏል። ልብስ ሰፊዋ ከገንዳው ውኃ በማርማላታ ጠርሙስ ቀዳችና ወደ ዓሣ ሻጩ ሱቅ ሄደች።

ዓሣ ሻጩ የገንዳ ዓሦች የሚሸጥ፣ ባሏ ሲያወራው ይውል የነበረ መነጽራም ወጣት ነው። ውኃውን በቀጭን ብልቃጥ ቀዳ፤ ከሁለት ጠርሙስ ጠብታ ጨመረበት፤ ነቀነቀና ጠበቀ። ውኃው ቀለም አወጣ።

«አረንጓዴ ነው» አለ፣ ከቀለም ካርዱ ጋር እያስተያየ።

«አረንጓዴ ብቻ አይደለም፤ የአትክልተኛ ቱታ ታጥቦ ታጥቦ የሚያመጣው አረንጓዴ ነው። ካርድህ ላይ ከአራተኛው ይበልጣል፣ አምስተኛው ላይ አይደርስም።»

ዓሣ ሻጩ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። «እትዬ፣ ይሄ ዓይን ነው ወይስ ማሽን?»

እሷ ግን ሌላ ነገር ትዝ ብሏት ነበር። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ቅንጣት የምታህል የሰዓት ጥርስ በመርፌ ጫፍ ያነሳል፤ ቢጫን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊን ከወይን ጠጅ ግን አይለይም። «አንቺ፣ ነይ እስቲ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነው?» ይላታል ብልቃጥ ይዞ። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል የመጣላትን ትነግረዋለች፤ አብዛኛው ለደንበኞቿ ከሰፋችው ልብስ የመጣ ስም ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ነገረችው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«ለመሆኑ» አለች አሁን፣ «እንዲህ ኩልል ያለ ውኃ ምን ሆነ?»

«ዓሣ ያው እንደኛ ይበላል፣ ያስወጣል። ከዚያ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይመጣል። በዓይን አይታይም። ስፖንጁ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አሞኒያውን በልተው ናይትራይት ያደርጉታል። እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን በልተው ብዙም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። ያ ቡናማው ነገር ቤታቸው ነው።»

«አጠብነው።»

«በምን?»

«በበረኪና።»

ዓሣ ሻጩ መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲያው ማኅበርተኛው ሁሉ አልቋል። ከዜሮ ነው የሚጀምሩት።»

«ካንተ ስፖንጅ ቆርጠህ ስጠኛ!»

«ሰሞኑን ዓሦቼ ታመውብኛል እትዬ፤ ብሰጥዎ በሽታውንም አብሬ መስጠቴ ነው። ዓሣዎንም እዚህ አላስቀምጥልዎም። ውኃውን በየቀኑ ይለኩት። ሲከፋ ግማሹን ውኃ ይቀይሩ፣ ባልዲ ውስጥ ባደረ ውኃ። ምግቡን ይቀንሱለት። ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሽማግሌ ነው እንግዲህ፣ ይችለው እንደሆነ እንጃ።»

ቤት ገብታ ግማሹን ውኃ ቀየረች። ከዚያ የባሏን መሳቢያ ከፈተች። የጠብታ ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው አንድ ደብተር አለ። ጽሑፉ የሰዓት ጠጋኝ ጽሑፍ ነው፣ የጉንዳን ሰልፍ የሚያህል። ገለጠችው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከስምንት ዓመት በፊት ገንዳውን ሲጀምር የጻፋቸው ናቸው፤ አንድም ቦታ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚል ቃል የለም።

«ቀን 3። አሞኒያ። እሷ፦ የሎሚ ልጣጭ። ጥሩ።»

«ቀን 8። አሞኒያ። እሷ፦ የአትክልተኛ ቱታ። መጥፎ። ውኃ ቀየርኩ።»

«ቀን 9። ናይትራይት። እሷ፦ የነርሷ ኮሌታ። ምንም የለም።»

ብቻዋን ሳቀች። አፏ ያመጣላትን ሁሉ ጽፎ ይዞታል። ገጹን እየገለጠች ሄደች፤ ቀን 19 ላይ ቆመች።

«ናይትራይት። እሷ፦ የሚዜዋ ቀሚስ ገበር። በጣም መጥፎ። ሥራ በዝቶብኝ ውኃውን ለነገ አልኩ።»

«ቀን 20። ሦስቱ ሞቱ። ለጓደኛዬ ሰጠኋቸው አልኳት። አንዱ ቀረ።»

አስታወሰች። እንዲያውም ከወር በኋላ «ዓሦቹ እንዴት ሆኑ?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ወፍረዋል» ነበር ያላት፣ ዓይኗን እያየ። የቀረው አንዱ ዳኛው ነው።

«አንተ ውሸታም» አለች ለደብተሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለካች። የባሏ እህትም፣ ጥፋቷ ከተነገራት ወዲህ፣ እየመጣች ባልዲ ትሸከማለች፤ አፏ ግን አላረፈም።

«ሠላሳ አራት ዓመት ባክቴሪያ ስገድል ኖሬ አሁን ልቀልባቸው?»

«አዎ፣ ትቀልቢያቸዋለሽ።»

በአሥራ አምስተኛው ቀን ስፖንጁ ቡናማ ሆኖ ተልባ የመሰለ ነገር አወጣ። ልብስ ሰፊዋ ክር ልታስገባ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ የባሏ እህት እጅ ወደ ገንዳው ገብቷል።

«እጅሽን!»

«እንዴ፣ ለቅለቅ ላደርገው ነው እኮ!»

«በወንድምሽ ይዤሻለሁ፣ አትንኪው!»

የባሏ እህት እጇን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው። «ወንድሜ ሞቶ እድፉን አደራ ተባልኩ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ትንሽም አለቀሱ።

በሃያ አንደኛው ቀን አሞኒያው ቢጫ፣ የሎሚ ልጣጭ ሆነ። ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሁለተኛው ብልቃጥ እስኪቀላቀል ነበር። ወይን ጠጅ። የሚዜዋ ገበር፣ ራሱ። ዳኛው ጥግ ይዞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

በዚያ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት የምታስረክባቸው አርባ የተማሪ ሸሚዞች ነበሩባት፤ አሥራ አንዱ ኮሌታ አልገባላቸውም። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ገዢ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ተወችው።

«ሴትዮ፣ ወዴት ነው?»

«ውኃ ልቀይር።»

«ለዓሣ? ተማሪ እየጠበቀ?»

«ተማሪው ነገ ሸሚዝ ይለብሳል። ይሄ ነገ የለውም። ከቸኮልክ ያንን ባልዲ አቀብለኝ።»

ሰውየው ተነጫነጨ፤ ግን አቀበላት። ግማሹን ቀየረች። አመሻሹ ላይ ለክታ እንደገና ቀየረች። እንዲህ እያለች አሥራ ሁለት ቀን በየቀኑ ቀየረች።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ጠዋት ዳኛው ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር ወደ መስታወቱ ቀረበና አፉን ከፈት ዘጋ አደረገ። ሁለተኛውን ብልቃጥ በመስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«የነርሷ ኮሌታ» አለች ጮክ ብላ።

ጽፎ የሚይዝላት ስላልነበረ እርሳሱን ራሷ አነሳች። የመጨረሻው ጽሑፍ ከመሞቱ አምስት ቀን በፊት ነው፦ «እሷ፦ የነርሷ ኮሌታ። ጥሩ።» ከሥሩ ጻፈች፦ «ቀን 37። እኔ፦ የነርሷ ኮሌታ።»

ዳኛው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ኖረ። እስከዚያ ድረስ ስፖንጁን በወር አንድ ጊዜ ያጠበችው የባሏ እህት ነበረች፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ ያለ ሳሙና።