በዚያው አፍ

ልብስ ሰፊዋ ከቄሱ ጋር ፊት ለፊት ከተያዩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ያኔ፣ ከትዳሯ በፊት ወልዳ ለሰው አሳልፋ የሰጠችውን ልጅ ጉዳይ፣ የንስሐ አባቴ ብላ ለእሱ ብቻ ተንፍሳ ነበር። እሱ ደግሞ መጠጥ ይወድ ነበር፤ አንድ ቀን ሞቅ ሲለው ለባሏ ወንድም አወራው። ባሏ በሳምንቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ አልጠፋትም። ከእህቷ በቀር ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ሰባት ዓመት ለሞላት ልጇ እንኳ «አባትሽ ሩቅ አገር ሥራ አገኘ» ብላ ሸነገለቻት።

ያቺ ልጅ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኩላሊቷ ከድቷት ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ እናትየዋን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ ሕመሟን ከማስታገስ ያለፈ የሚሠራ ነገር እንደሌለ ነገራት። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል።

«እማዬ፣ ቄሱን ጥሪልኝ» አለቻት አንድ ጠዋት።

ለካ ቄሱ እናትየዋ ስፌት ላይ በምትሆንበት ሰዓት በየማክሰኞው በሽተኛ ሊጠይቅ ይመጣ ኖሯል። መጠጡን ትቷል ይባላል፤ አልፎ አልፎ ግን ያገረሽበታል። ልጅቷ የምታውቀው ጨዋታውን ብቻ ነው። ነርሶቹን «የእናንተ መርፌ ከእኔ ስብከት ይሻላል፣ ቶሎ ያልቃል» እያለ ያስቃቸዋል አሉ።

የእናትየዋ ደም ፈላ። ሌላ ቄስ ላምጣልሽ ብትላት ልጅቷ እሺ አላለችም፤ እሱ አይፈርድብኝም አለች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትናገረው ልጇ ቄሱን አታስጠራም፤ ግን የከበዳትን ነገር እንደተሸከመች ትሄዳለች። ዋጠችውና ራሷ ሄዳ ጠራችው።

ቄሱ የክፍሉ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ተሳሰረ።

«እኔ አልገባም» አላት ዓይኗን ሳያይ። «ንስሐዋ በእኔ እጅ መሆን የለበትም።»

«የጠየቀችው እግዜርን ነው፤ እርስዎን አይደለም» አለችው። «እዚህ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። ይግቡ።»

እናትየዋ ከውጭ በበሩ መስታወት አየች። ቄሱ ጎንበስ ብሎ ሰማ፣ ብዙ ሰማ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ኋላ ደግሞ ፈገግ አለች። እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ባረካት። ሲወጣ እናትየዋ ገባች። ሦስት ወር ሙሉ ተቋጥሮ የከረመው የልጇ ግንባር ተፈቷል። ውሃ ጠጣችና እንደ ሕፃን እንቅልፍ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የእናቷን ጣት እንደያዘች አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቄሱን የመቃብር ቦታው በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ምን አለችዎት?»

ቄሱ ዞር ብሎ ሊያልፍ ሲል መንገዱን ዘጋችበት።

«እናቷ ነኝ። ቢያቆስለኝም ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።»

የቄሱ ዓይን እንባ ሞላ። «ያንቺን ምስጢር አውጥቼ ቤትሽን አፍርሻለሁ» አላት። «የእሷ ግን ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ደገመችው። አልተከላከለም። ልክ መሆኑን ታውቃለች፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ያኔ ለእሷ ያልተጠበቀላት ምስጢር ዛሬ ለልጇ ተጠበቀ፤ እሷንም ከልጇ የመጨረሻ ቃል አስቀራት። ከዚያም መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቄሱም ትንሽ ራቅ ብሎ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

ከእህቷ ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እህቷ ይቅር አልሽው ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«አላልኩትም» አለች። ጥቂት እንደተራመዱ ቆመች። «ልጄ ግን ቀልሏት ነው የሄደችው። በዚያ ሰውዬ እጅ።»

 እህቷ በብብቷ ደግፋ ቤት አደረሰቻት።